ዶሜይኑን በስማችሁ ግዙ፣ በእጃችሁም አቆዩት

አንድ ወዳጄ የቤት ዕቃ ይሠራል። ሶፋ፣ ቁም ሳጥን፣ የኩሽና ካቢኔት። ከዓመታት በፊት ዌብሳይት አሠራ። ዶሜይኑን፣ ማለትም የዌብሳይቱን አድራሻ፣ የገዛለት ያው ዌብሳይቱን የሠራለት ልጅ ነው። በልጁ ኢሜይል፣ በልጁ አካውንት። ወዳጄ ብሩን ከፈለ፤ አድራሻውን አይሱዙው በር ላይ አስጻፈ፤ ቢዝነስ ካርድ አሳተመ። ለሦስት ዓመት ምንም ችግር አልነበረም። ከዚያ ልጁ አገር ለቀቀ፣ ስልኩም ተቀየረ። «አድሱ» የሚሉት መልእክቶች ማንም በማይከፍተው ኢሜይል ውስጥ ተከማቹ። አንድ ቀን ዌብሳይቱ ጠፋ። ሦስት ወር ገደማ እንደሆነ አንድ ደንበኛ ደወለለትና «ወንድሜ፣ ሶፋውን ትተህ ቁማር ጀመርክ እንዴ?» አለው። አድራሻውን ሌላ ሰው ገዝቶት የቁማር ማስታወቂያ ለጥፎበት ነበር።

ልጁ ሌባ አልነበረም። ወዳጄም ሰነፍ አይደለም። ማንም ያልነገረው አንድ ነገር ነበር፦ ዶሜይኑን የሚያዝበት አካውንቱ የተከፈተበትን ኢሜይል የያዘ ሰው ነው። ደረሰኝ ያለው ወይም ስሙን አይሱዙ ላይ ያስጻፈ ሰው አያዝበትም። ከዚህ በታች ያለውን የምጽፈው ዶሜይን ልትገዙ ላሰባችሁና ገዝታችሁ የት እንዳለ ለማታውቁት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ፣ የምትገዙት ምንድን ነው?

ኮምፒውተሮች የሚፈላለጉት በቁጥር ነው። ቁጥር ደግሞ ለሰው አይያዝም። ኢንተርኔት ገና ትንሽ በነበረበት ጊዜ የሁሉም ኮምፒውተር ስምና ቁጥር በአንድ ፋይል ተጽፎ ካሊፎርኒያ በሚገኝ የምርምር ተቋም ይቀመጥ ነበር። ሁሉም ከዚያ ይገለብጥ ነበር። ኮምፒውተሩ ሲበዛ ይሄ አላዋጣም። በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ የሚባል ሰው ዛሬም የምንጠቀምበትን ዲኤንኤስ ነደፈ፤ ስምን ወደ ቁጥር የሚመልስ፣ በብዙ ቦታ የተከፋፈለ መዝገብ ነው። የመጀመሪያው የዶት ኮም ስም የተመዘገበው በማርች 1985 ነው።

ዛሬ ይህን ሥርዓት ከላይ ሆኖ የሚያስተባብረው በ1998 የተቋቋመው አይካን የተባለ ድርጅት ነው። የዶት ኮምን መዝገብ የሚይዘው ቬሪሳይን የተባለ ኩባንያ ነው። ለእናንተ የሚሸጡላችሁ ደግሞ ሬጅስትራር የሚባሉት ናቸው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ዶሜይን አይገዛም፣ ይከራያል። «ገዛሁ» የምንለው ለአፍ ስለሚመች ነው፤ እኔም እዚህ እንደዚያው እላለሁ። ኪራዩ በዓመት ይታሰባል፤ በአንድ ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ መክፈል አይቻልም።

1. ስሙን በስልክ ፈትኑት

ስም ስትመርጡ ወረቀት ላይ አምሮ መታየቱን እርሱት። ለአንድ ዘመድ ደውሉና ስሙን አንድ ጊዜ ብቻ ንገሩት። ከዚያ «ጻፈውና ላክልኝ» በሉት። አስተካክሎ ከጻፈው ስሙ ጥሩ ነው።

ለኛ ይሄ ፈተና ከሌላው ሕዝብ ይከብዳል። አማርኛን በላቲን ፊደል የምንጽፍበት አንድ የተስማማንበት መንገድ የለንም። «ፀሐይ»ን ስትጽፉ የምትጀምሩት በ«ቲ» እና በ«ኤስ» ነው ወይስ በ«ኤስ» ብቻ? የምትጨርሱትስ በ«ዋይ» ነው በ«አይ»? መጨረሻ ላይ «ኢ» የሚጨምርም አለ። «ቅዱስ» በ«ኬ» ነው ወይስ በ«ኪው»? አንድ ቤት ውስጥ ያሉ ወንድማማቾች እንኳ የአባታቸውን ስም ፓስፖርታቸው ላይ በሁለት ዓይነት አጻጻፍ ሲያወጡ አይተናል። ደንበኛ ደግሞ አንዴ ሞክሮ ካላገኛችሁ ሁለተኛ አይሞክርም፤ ቴሌግራም ላይ ሌላ ይፈልጋል።

ስለዚህ የምመክረው አጻጻፉ የማያከራክር ስም ነው። «ሰላም»፣ «ቡና»፣ «አዲስ» ያሉበት ስም በአብዛኛው አያከራክርም፤ ችግሩ ቀድሞ የተያዘ መሆኑ ነው። የሚያከራክር ፊደል ያለበትን ስም የግድ ከፈለጋችሁ ሁለቱን የተለመዱ አጻጻፎች ግዙና አንዱን ወደ ሌላው አዙሩት። ሁለት ይበቃል። አሥር ዓይነት እየገዙ በየዓመቱ ለአሥር መክፈል ሻጩን ከማበልጸግ ሌላ ጥቅም የለውም።

ሰረዝ አታስገቡ። ቁጥርም አታስገቡ፤ «ሁለት» ሲባል ሰው ቁጥሩን ይጻፍ ወይም በፊደል ይጻፈው ግራ ይገባዋል። «በራሳችን ፊደል ቢሆንስ?» ለሚል ሰው፣ የዶሜይን ሥርዓቱ ከላቲን ውጪ ላሉ ፊደላት ክፍት ከሆነ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ግን «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለጆሮ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ያው ችግር በሌላ በር ተመልሶ ይመጣል።

2. ጭራውን ምረጡ

ጭራ የምለው እንደ ዶት ኮም ያለውን የስሙን መጨረሻ ነው። ዶት ኮም ካገኛችሁ ውሰዱት፤ ሰው ሳያስብ የሚጽፈው እሱን ነው። ደንበኞቻችሁ አገር ውስጥ ብቻ ከሆኑ ዶት ኮም ዶት ኢቲ ጥሩ ነው፤ ዶት ኢቲን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው።

ሁለት ፊደል ያለው ጭራ ከጥቂቶች በቀር የአንድ አገር ወይም ግዛት መሆኑን እወቁ። የቴክኖሎጂ ሰዎች የሚሽቀዳደሙበት ዶት ኤአይ የአንጉይላ ነው፤ ዶት ቲቪ የቱቫሉ። የአገር ጉዳይ ሲለወጥ ጭራውም ሊለወጥ ይችላል። ዩጎዝላቪያ ፈረሰች፣ ዶት ዋይዩም በ2010 ከነጭራሹ ከመዝገብ ተሰረዘ። በነፃ ይታደሉ የነበሩት ዶት ቲኬ እና ዶት ኤምኤልም መጨረሻቸው አላማረም። አጭበርባሪ መጫወቻ ሲያደርጋቸው ቆይቶ በ2023 አዲስ መመዝገብ ቆመ። ነፃ የሆነ አድራሻ ላይ ንግድ አትመሥርቱ።

3. ከመግዛታችሁ በፊት ኢሜይሉን አስተካክሉ

ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ይዘለዋል። እኔ ግን ከመመሪያው አንዱን ብቻ አንብቡ ብባል ይሄኛውን እላለሁ።

ለዶሜይኑ ብቻ የሚሆን አንድ አዲስ ኢሜይል ክፈቱ። ፌስቡክ አትክፈቱበት፣ ለደንበኛ አትስጡት፣ ካርድ ላይ አታሳትሙት። ማንም የማያውቀውን ኢሜይል ማንም አያጠቃውም ባልልም፣ በጣም ይቀንሳል። ሌላው፣ በራሱ በዶሜይኑ ስም የተከፈተ ኢሜይል ለዚህ ሥራ አትጠቀሙ። ዶሜይኑ የተቋረጠ ቀን ኢሜይሉም አብሮ ይቋረጣል፤ «አድሱ» የሚለው መልእክት የሚመጣው ደግሞ እዚያው ነው። ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደመዝጋት ነው።

ፓስወርዱ ረጅም ይሁን። አራት አምስት የማይገናኙ የአማርኛ ቃላት በላቲን ፊደል ደርድሩ፤ «ድስት ባቡር ሐሙስ ጎመን ጣሪያ» እንደማለት። (ይሄኛውን አትውሰዱት፣ ተበልቷል።) በየሦስት ወሩ ፓስወርድ ቀይሩ የሚለውን የድሮ ምክር እኔ ትቼዋለሁ። ሰው በግድ ቀይር ሲባል መጨረሻ ላይ 1 የነበረውን 2 ያደርጋል፣ አለቀ። የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም የሆነው ኒስት ራሱ በ2017 ባወጣው መመሪያ ያለ ምክንያት በየጊዜው ማስቀየር ይቅር ብሏል። የምትቀይሩት ሌላ ሰው ያወቀው ሲመስላችሁ ነው። አንዱን ፓስወርድ ሁለት ቦታ ግን በፍጹም።

ቀጥሎ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩ። ኮዱ በኤስኤምኤስ ቢመጣ ከምንም ይሻላል፤ ሲም ካርዱ ግን ሊጠፋ፣ በሌላ ሰው ስም ሊወጣ፣ ወይም ውጭ አገር ስትሄዱ ላይሠራ ይችላል። የተሻለው ኦተንቲኬተር አፕ ነው፤ ኔትወርክ ባይኖርም ስልኩ ላይ ኮድ ያወጣል። አፑን ስታስገቡ መጠባበቂያ ኮዶች ይሰጧችኋል። አብዛኛው ሰው ስክሪንሹት አድርጎ እዚያው ስልክ ላይ ይተወዋል። ስልኩ ሲሰረቅ ኮዱም አብሮ ይሄዳል። ወረቀት ላይ አትሙትና ከንግድ ፈቃዱ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጡት።

እዚህ ላይ እያላችሁ ቴሌግራማችሁንም እንዲሁ አድርጉ። «በስህተት ኮድ ልኬብሽ ነበር፣ እባክሽ ላኪልኝ» የምትል መልእክት ስንቱን ሰው አካውንት አስለቅቃለች። ላኪዋ እህታችሁ ብትመስልም መጀመሪያ ደውሉ።

4. ግዙ

የዶት ኮም የጅምላ ዋጋ፣ ማለትም ሻጩ ራሱ ለቬሪሳይን የሚከፍለው፣ በሴፕቴምበር 2024 በዓመት 10.26 ዶላር ሆኖ ነበር። ይህን ቁጥር ያዙ። አንድ ሻጭ «የመጀመሪያው ዓመት 1 ዶላር» ካለ እየከሰረ ነው፤ ኪሳራውን የሚያወጣው በሁለተኛው ዓመት ከእናንተ ነው። የምታወዳድሩት የማደሻ ዋጋውን ነው። እሱ ብዙ ጊዜ ከታች በትንሽ ፊደል ይጻፋል።

ክፍያው ጋ ስትደርሱ ብዙ ነገር «ጨምሩ፣ ጨምሩ» ይላሉ። ስልክና አድራሻችሁን የሚደብቀውን አገልግሎት ብዙ ሻጮች በነፃ ስለሚሰጡት እሱን ውሰዱ። የኤስኤስኤል ሰርተፊኬት (ወደ ዌብሳይታችሁ የሚላከውን መንገድ ላይ ማንም እንዳያነብበው የሚያደርገውን) በገንዘብ አትግዙ፤ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለ ድርጅት ከ2015 ጀምሮ በነፃ ይሰጣል፣ ብዙ ሆስቲንግም (ዌብሳይቱን የሚያስቀምጥላችሁ ድርጅት) ራሱ ይጭነዋል። ሌላውን ሁሉ እለፉት።

አሁን ወደ ካርዱ ጉዳይ። ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው ዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘት ቀላል አይደለም። ያለው አማራጭ ሁለት ነው። አንደኛው በብር የሚቀበሉ የአገር ውስጥ ሻጮች ናቸው። እነሱ ጋ ከመክፈላችሁ በፊት «አካውንቱ በኔ ኢሜይል ይከፈታል ወይ? ወደ ሌላ ሻጭ ልውሰደው ብል የዝውውር ኮዱን ትሰጡኛላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከተንተባተቡ ሌላ ፈልጉ።

ሁለተኛው ውጭ ያለ ዘመድ ነው። ቨርጂኒያ ያለ የአክስት ልጅ፣ ዱባይ ያለች እህት። ስህተት የሚሠራው «ግዢልኝ» ስትሏት ነው። እህታችሁ በራሷ አካውንት ትገዛዋለች። ከዚያ ኢሜይሏን ትቀይራለች፣ ትረሳዋለች፣ ወይም ትኮራረፋላችሁ። አካውንቱን እናንተ ክፈቱ፣ ስሙንም እናንተ ምረጡ። በቪዲዮ እየተነጋገራችሁ እህታችሁ ገብታ የካርዷን ቁጥር ብቻ ትሙላ፤ ስትጨርስ ፓስወርዱን ቀይሩ። የካርዱን ቁጥር በቴሌግራም አታስልኳት። ከተቻለም የሦስት ወይም የአምስት ዓመት በአንዴ ይከፈል፤ በየዓመቱ ዘመድ ከማስቸገር ይሻላል። እኔ ይሄን ስል ባለሙያዎች «አውቶ ሪኒው አብራ፣ አለቀ» ይሉኛል፤ ጊዜው ሲደርስ ከካርዱ ቆርጦ በራሱ ያድሳል ማለታቸው ነው። ካርዱ የራሳችሁ ከሆነ ልክ ናቸው። የዘመድ ከሆነ ግን ካርዱ ጊዜው ሲያልፍ ዕድሳቱም ይከሽፋል።

ባለቤት በሚለው ቦታ ላይ የንግድ ፈቃዱ ላይ ያለውን ስም በትክክል ጻፉ። ገዝታችሁ እንደጨረሳችሁ «ኢሜይልዎን ያረጋግጡ» የሚል መልእክት ይመጣል። ውስጡ ያለው ሊንክ በ15 ቀን ውስጥ ካልተጫነ ዶሜይኑ ሊታገድ ይችላል። ዌብሳይታቸው ከሁለት ሳምንት በኋላ ድንገት የጠፋባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ምክንያታቸው ይሄው ነው።

5. ቆልፉት

ሻጩ ጋ ገብታችሁ የዝውውር መቆለፊያው መብራቱን አረጋግጡ። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን እዚያም አብሩ። የዝውውር ኮድ የሚባለውን ለማንም አትስጡ፤ ዶሜይኑን ወደ ሌላ ሻጭ የሚያስወጣው እሱ ነው። ዌብሳይት የሚሠራው ልጅ ፓስወርድ ቢጠይቃችሁ አትስጡት። እሱ የሚያስፈልገው የሆስቲንጉ መግቢያ ነው። ዶሜይኑን ወደ ሆስቲንጉ የሚመራውን ሁለት መስመር ጽሑፍ ይላክላችሁና ራሳችሁ ሙሉት። ልጁ ቢቀየም ይቀየም።

6. የማብቂያ ቀኑን ወር በስሙ ጻፉ

«09/05» የሚል የማብቂያ ቀን አየሁ እንበል። አሜሪካዊ ከጻፈው ሴፕቴምበር 5 ነው፤ በኛ ነሐሴ 30። አውሮፓዊ ከጻፈው ሜይ 9፤ በኛ ግንቦት 1፣ ልደታ። ለራሳችን ዓይን ደግሞ ጥር 9 ይመስላል። ስለዚህ ወሩን በስሙ ጻፉ። ስልካችሁ ላይ ከማብቂያው 60 ቀን በፊት የሚጮህ ማስታወሻ አስገቡ፣ ሌላ አንድ ሰውም ቀኑን ይወቅ።

ቢያልፍስ? የዶት ኮም ዶሜይን ባለቀበት ቀን አይሸጥም። እንደ ሻጩ እስከ 45 ቀን የሚደርስ የችሮታ ጊዜ ይኖራል፤ በመደበኛው ዋጋ ታድሱታላችሁ። ከዚያ 30 ቀን የመዋጃ ጊዜ ይመጣል፤ እዚህ ጋ ከማደሻው በላይ ጠንካራ ቅጣት አለ። በመጨረሻ 5 ቀን ማንም የማይነካው ጊዜ ነው። ሲያልቅ ስሙ ገበያ ላይ ይወድቃል፤ በሰከንድ ውስጥ የሚያነሱ ፕሮግራሞችም አሉ። አንዳንድ ሻጮች ግን ያን ሁሉ ሳይጠብቁ ጨረታ ላይ ያወጡታል። ስለዚህ 45 ቀን አለኝ ብላችሁ አትተኙ።

መርሳት የትንንሾች ብቻ አይደለም። በ1999 የገና ሰሞን ማይክሮሶፍት ሆትሜይል የተባለው የኢሜይል አገልግሎቱ መግቢያ የነበረውን የፓስፖርት ዶት ኮም ዶሜይን ማደስ ረሳ፤ ሆትሜይል የሚጠቀሙ ብዙ ሰዎች ኢሜይላቸው አልከፍት አላቸው። ማይክል ቼኒ የተባለ የቴነሲ ፕሮግራመር በራሱ ካርድ 35 ዶላር ከፍሎ አደሰላቸው።

የውሸት ዕድሳትም አለ። ከሻጫችሁ ያልመጣ፣ ደረሰኝ የሚመስል «ዶሜይንዎ ሊያልቅ ነው፣ እዚህ ይክፈሉ» የሚል ኢሜይል ይመጣል። «ቻይና ውስጥ አንድ ኩባንያ ስማችሁን ሊመዘግብ ነው፣ ቶሎ መልስ ስጡ» የሚልም አለ። ሁለቱንም ደምስሱ። ዕድሳት የሚከፈለው የሻጫችሁን አድራሻ በእጃችሁ ጽፋችሁ ገብታችሁ ብቻ ነው።

7. ሠራተኞቻችሁን ሊንክ ማንበብ አስተምሩ

አድራሻ የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። «ኤችቲቲፒኤስ» የሚለውንና ሁለቱን ዘንባላ መስመሮች እለፉ። ቀጥሎ የሚመጣውን የመጀመሪያ ዘንባላ መስመር ፈልጉና ከእሱ በስተግራ ያሉትን የመጨረሻ ሁለት ቃላት ያዙ። ባለቤቱ እዚያ ነው። በዶት ኮም ዶት ኢቲ ወይም በዶት ጎቭ ዶት ኢቲ የሚያልቅ ከሆነ ሦስት ቃል ያዙ። «ባንካችሁ ዶት ኮም ዶት ሽልማት ዶት ኤክስዋይዜድ» የሚል ሊንክ ባለቤቱ «ሽልማት» ነው። ባንካችሁ ጋ ምንም አይገናኝም፤ ፊት ለፊት የሚጻፈውን ማንም እንደፈለገ ይጽፋል።

አድራሻው አጠገብ የምትታየውን የቁልፏን ምስል ደግሞ እርሷት። ቁልፍ ማለት መንገድ ላይ ማንም አያነብባችሁም ማለት ብቻ ነው። ወዲያኛው ጫፍ ላይ ያለው ሌባ ቢሆንም ቁልፍ ይኖረዋል፤ በነፃ ነዋ የሚሰጠው። ክሮም ራሱ በ2023 ምስሏን አንስቷታል።

አንዲት ፊደልም ታሳስታለች። የአሜሪካ ጦር አድራሻ የሚያልቀው በዶት ኤም-አይ-ኤል ነው። «አይ»ን የዘለለ ሰው የሚጽፈው የማሊን ጭራ ነው። ብዙ የጦሩ ኢሜይሎች ለዓመታት በዚህ ስህተት ወደ ማሊ ጭራ ሲላኩ እንደነበር በ2023 በዜና ወጥቷል።

8. ዶሜይኑ አሁን በሌላ ሰው እጅ ከሆነ

መጀመሪያ እውነቱን እዩ። የአይካን መፈለጊያ ገጽ፣ ሉክአፕ ዶት አይካን ዶት ኦርግ፣ ላይ የዶሜይናችሁን ስም ጻፉ። የባለቤቱ ስም ተደብቆ ሊሆን ይችላል፤ ሻጩ ማን እንደሆነና መቼ እንደሚያልቅ ግን ይነግራችኋል።

ከዚያ ለያዘው ሰው ደውሉ። በክስ አትጀምሩ። ለልጁም ቢሆን ይህ ሸክም ነው፤ ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ነው የሚያስረክቡት። ቀላሉ መንገድ እዚያው ሻጭ ጋ በራሳችሁ ኢሜይል አካውንት ከፍታችሁ ልጁ ከአካውንቱ ወደ አካውንታችሁ እንዲያዛውረው ነው፤ ብዙ ሻጮች ይህን በነፃ ያደርጋሉ። ወደ ሌላ ሻጭ ከሆነ የዝውውር ኮዱን ይስጣችሁ፤ ዶት ኮም ከሆነ የአንድ ዓመት ማደሻ ትከፍላላችሁ፣ ያ ዓመት ግን በቀሪው ጊዜ ላይ ይደመርላችኋል። በቅርቡ የተመዘገበ ወይም ሻጭ የቀየረ ከሆነ 60 ቀን ታግሦ መጠበቅ ሊያስፈልግ ይችላል። የሚያልቅበት ቀን ከቀረበ ግን መጀመሪያ አሳድሱት፣ ዝውውሩ ይደርሳል።

ዝውውሩ እስከ 5 ቀን ሊፈጅ ይችላል። ሲያልቅ መፈለጊያው ገጽ ላይ ተመልሳችሁ አዲሱን ሻጭና አዲሱን የማብቂያ ቀን አረጋግጡ። ኔምሰርቨሮቹ፣ ማለትም ዶሜይኑን ወደ ሆስቲንጉ የሚመሩት መስመሮች፣ እንዳልተቀየሩም እዩ፤ ከተቀየሩ ዌብሳይቱም ኢሜይሉም ይቆማል። ለልጁም በዚያው ቀን ደውላችሁ እንደደረሰ ንገሩት።